እጅ ያልዳሰሰው ቀሚስ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የአንዲት የሽሮ ሜዳ ልጅን ነገር ነው። ስሟን አልጠራም፤ የእሷን መንገድ የሄዱ ብዙ ስለሆኑ፣ ብዙዎቹን በአንድ እሷ አድርጋችሁ ስሙኝ። ትንሽ ሱቅ ይዞ፣ ስልኩን ጨብጦ፣ «ደንበኛ ከየት ላምጣ?» እያለ እንቅልፍ ያጣ ሰው ካለ በተለይ እሱ ይስማኝ።

ሽሮ ሜዳን ታውቁታላችሁ። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትወጡ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አለፍ እንዳላችሁ፣ ግራና ቀኙ በነጭ ልብስ የተሞላው ሰፈር ነው። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከዙሪያው የመጡ፣ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው። የልጅቷም አባት እንዲሁ። እቤታቸው በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰደው፣ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። እናትየው ደግሞ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። አባት ይሸምናሉ፣ እናት ይሸጣሉ፣ ልጅቷ በሁለቱ መካከል አደገች።

በዚያች ሱቅ ሽያጭ እንዴት እንደሚካሄድ ልንገራችሁ፤ ነገሬ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ገዢዋ ትገባለች። ቀሚሱን አይታ ብቻ አታበቃም። ጠርዙን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ይዛ ታሸዋለች። ጥለቱን ገልብጣ ጀርባውን ታያለች፤ የታተመ ጨርቅ ከሆነ ጀርባው ደብዘዝ ይላል፣ በእጅ የተሠራ ከሆነ ግን ክሩ ከጀርባም ይታያል። ከዚያ ወደ በሩ ይዛው ወጥታ ቀለሙን በፀሐይ ታየዋለች። «ስንት ነው?» የምትለው ይህን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ነው። እናትየውም የገዢዋን ጣት ብቻ እያዩ፣ ትገዛለች ወይስ ዞር ብላ ትመጣለች የሚለውን ያውቁታል። ሽሮ ሜዳ በእጅ የሚገዛበት ገበያ ነው።

እንግዲህ 2012 መጣላችሁ። መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር፤ ለሸማኔ ቤት ከዓመቱ ዋና ዋና ገበያዎች አንዱ። የዚያን ዓመት ግን ሰው ከቤቱ መውጣት ፈራ፣ የወጣውም ሌላ ሰው የነካውን ጨርቅ መንካት ፈራ። እስቲ አስቡት፤ በእጅ የሚገዛበት ገበያ ውስጥ እጅ ተከለከለ! አባት ወራት የደከሙበት ቀሚስ ሁሉ እንደተሰቀለ ቀረ።

ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ስልኳን ያነሳችው። ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈተች፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገውንም አደረገች። ቀሚሶቹን ግድግዳ ላይ ሰቅላ በሱቁ አምፖል ፎቶ አነሳች፣ ከሥራቸው «ውብ የሀበሻ ቀሚስ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ብላ ለጠፈች። ዘመድ ጆይን አለ፣ ጎረቤት ጆይን አለ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ልብ ላኩላት። የገዛ ግን አልነበረም።

እናትየው ሲያዩ ሰንብተው አንድ ቀን ተናገሩ። «ልጄ፣ ሰው ሳይዳስሰው እንዴት ይገዛል?»

ሌላ ልጅ ብትሆን «እማዬ፣ ዘመኑ ተቀይሯል» ብላ ታልፈው ነበር። ይቺ ግን ቃሉን ያዘችው። እጅ ጨርቁን ሲነካ የሚፈልገው ምንድነው? ውፍረቱን፣ እውነተኛነቱን፣ ቀለሙን። እንግዲያስ የገዢዋን እጅ እኔ ልሁንላት አለችና ቀሚሱን ይዛ ወደ በሩ ወጣች። ታናሽ ወንድሟ ስልኩን ያዘ። ሙዚቃ የለ፣ ማሳመሪያ የለ። ጠርዙን በሁለት ጣቷ አሸችው። ጥለቱን ገለበጠችና ጀርባውን ለካሜራው አስጠጋች። ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግታ እጇን ከበስተኋላው አስገባች፤ ምን ያህል እንደሚያሳይ ይታይ ብላ። እናትየው ከውስጥ ሆነው «ይሄ መነን ነው፣ ስትለብሺው አይከብድሽም» ሲሉ ድምፃቸው ገባ። ልታወጣው ነበር፤ ወንድሟ «ተይው፣ ያምራል» አላት፤ ተወችው።

የመጀመሪያዋ ገዢ ከሐዋሳ ነበረች። እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «እህቴ፣ የሴትየዋን ድምፅ ስሰማ ሱቁ ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ። ቀብድ ስንት ልላክ?»

ልብ በሉልኝ። ቀሚሱ ያው ቀሚስ ነው፣ ስልኩም ያው ስልክ። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገዢዋ ልትጠይቀው የምትችለው ጥያቄ ሳትጠይቅ ተመልሶላታል። በማኅበራዊ ሚዲያ ለሚነግድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምክር እኔ አላውቅም። ብዙዎቻችን ዕቃውን የምናሳየው እኛ እንደምናየው ነው፤ ገዢው ግን እንደ እኛ አያየውም፣ የሚጠረጥር ሰው ነው፣ መጠርጠሩም ደግሞ ልክ ነው። በአምስት ደቂቃ የሚከፈት ቻናል በአምስት ደቂቃ ይዘጋል። ከሌላ ሰው ገጽ የተወሰደ ፎቶ ለጥፎ ቀብድ የሚሰበስብ ሞልቷል። እና ሐቀኛው ነጋዴ ሐቀኛ መሆኑን ማሳየት እንጂ ሐቀኛ ነኝ ብሎ መጻፍ ምንም አያደርግለትም።

ቀጥሎ የዋጋው ነገር መጣ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ማንሳት አለብኝ አለች። እናትየው አልተስማሙም። «ጎረቤት አይቶ ይሰብርብናል። ደግሞ ገዢዋ ተከራክራ ካልቀነሰች አትደሰትም» አሉ። ሐሰት የለውም፤ ገበያችን የክርክር ገበያ ነው። ልጅቷ ግን ከእናቷ ሱቅ ውስጥ ያየችውን አስታወሰቻቸው። ዋጋ ለመጠየቅ የምታፍር ሴት አለች፤ በር ላይ ቆማ አይታ፣ ከአቅሜ በላይ ይሆናል ብላ ሳትጠይቅ የምትሄድ። ስልክ ላይ ያቺ ሴት እጥፍ ድርብ ናት። ለአንድ ዋጋ ብላ የማታውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመር አትፈልግም።

ዋጋው በግልጽ ተጻፈ። ብቻውንም አልተጻፈም፤ ጨርቁ ምን እንደሆነ፣ ጥለቱ በእጅ መሠራቱን፣ ሸማኔው ስንት ቀን እንደሚፈጅበት፣ ስፌቱ ለብቻው መሆን አለመሆኑን ጨምራ ጻፈች። «ውድ ነው» ያሉ ነበሩ፤ ለእነሱም በጨዋ ቃል መለሰች። ጎረቤቶች ተቀየሙ። ሆኖም ወደ ውስጥ መስመር የሚገባው ሰው ሌላ ሆነ። ድሮ «ስንት ነው?» ብሎ የሚጠፋ ነበር፤ አሁን «መቼ ይደርሳል?» የሚል ሆነ። ከዚህ በኋላ መልስ መስጠት ራሱ አላሰለቻትም።

ደስታው ግን ወዲያው ተፈተነ። በዚያው 2012፣ ሰኔ 23፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሳምንታትም ጠፍቶ ቆየ። ልጅቷ እጅ ላይ ለልጇ ክርስትና ቀብድ የከፈለች የአንዲት እናት ቀሚስ ነበር። ቀሚሱ ተሰፍቶ አልቋል፣ ተተኩሷል፣ ታጥፎ ተቀምጧል። የሴትየዋ ስልክ ቁጥር ግን የለም! ያለው የቴሌግራም ስሟ ብቻ ነው፣ ቴሌግራሙ ደግሞ አይሠራም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ የሴትየዋ መልእክት ተደራርቦ ገባ፦ መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ ልመና፣ ከዚያ «እግዚአብሔር ይይልሽ»። ክርስትናው አልፎ ነበር። እናትየው ቀብዱ ሳይጎድል እንዲመለስላት አደረጉ፤ ልጅቷ ግን ያን ቃል ለብዙ ጊዜ አልረሳችውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ገዛች። ተራ ባለ መስመር ደብተር ነው። የደንበኛዋ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ሰፈር፣ ቁመት፣ ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ቀሚሱ የሚለበስበት ቀን። ስልክ ቁጥር ያልሰጠ ሰው ትዕዛዝ አይመዘገብለትም። ወንድሟ ሳቀባት፤ «በቴሌግራም ዘመን ደብተር?» አላት። ይሄን ደብተር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

2013 ላይ ሌላ በር ተከፈተ። ግንቦት 3 ቀን ቴሌብር ሥራ ጀመረ። ባንክ ሄዶ ተሰልፎ ገቢ አድርጎ የደረሰኝ ፎቶ መላክ ቀረ፤ ሰው ከተቀመጠበት ቀብዱን መላክ ቻለ። ከዚሁ ጋር አጭበርባሪው መጣ። ያልተከፈለን ገንዘብ የተከፈለ የሚያስመስል ስክሪንሾት ይልካል፣ ሞተረኛ በር ላይ ቆሞ ያጣድፋል፦ «ቶሎ በይ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው»። አንድ ጎረቤታቸው እንዲህ ሁለት ጋቢ ተወሰደበት። ልጅቷ ሕግ አወጣች፤ ስክሪንሾት አላይም፣ የማየው የራሴን ሒሳብ ነው። ገንዘቡ ገብቶ እስካላየች ድረስ ዘመድም ቢሆን ዕቃ አይወጣም። ይህንኑም በቻናሏ አናት ላይ ፒን አደረገችው። ሐቀኛ ደንበኛ ይቀየማል ብላ ሰግታ ነበር፤ እንዲያውም ጥንቁቅ ሱቅ መሆኑን አይተው ተማመኑባት።

አሁን ወደ ቲክቶክ ልውሰዳችሁ። አንድ ጠዋት ወንድሟ አባቱን ሳያስፈቅድ ቀረጻቸው። ፊታቸው አይታይም፤ እጃቸው ብቻ። መወርወሪያው በድሩ መካከል ያልፋል፣ ማጉ ይጠጋል፣ ጣታቸው የጥለቱን ክር እየቆጠረ ያነሳል፤ የሚሰማው የእንጨቱ ድምፅ ብቻ ነው። በማግስቱ የሚያየው ሰው ብዛት ጉድ አሰኘ። «እጅዎ ይባረክ አባቴ» የሚል ኮሜንት ስክሪኑን ሞላው። ከዱባይ፣ ከቴላቪቭ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ሰው ጻፈ። ቤተሰቡ ሀብታም ሆንን አለ። ሳምንቱ ሲያልቅ ቢቆጠር ያዘዙት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ተስፋ አልቆረጠችም፤ ሁለቱ መድረኮች የተለያየ ሥራ እንደሚሠሩ የገባት ያኔ ነው። ቲክቶክ የሚያሳይህ ለማያውቅህ ሰው ነው፤ ዛሬ ያየህ ነገ ላያይህ ይችላል፣ ማን እንደሚያይህም አንተ አትወስንም። ቴሌግራም ደግሞ አዲስ ሰው አያመጣልህም፤ የገባውን ሰው ግን ይዞ ያቆይልሃል፣ የለጠፍከውም በተራው ይደርሰዋል። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ መሸጥ ተወች። እዚያ የአባቷን እጅ ብቻ ታሳያለች፤ ዋጋውና መለኪያው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው ብላ መንገድ ትጠቁማለች። ፌስቡክን ደግሞ በውጭ ላሉት፣ በዕድሜ ገፋ ላሉት እናቶች ያዘችው፤ እነሱ ቲክቶክ ላይ ብዙም አይገኙም፣ የልጃቸውን ሠርግ ልብስ የሚያዙት ግን እነሱ ናቸው።

በነገራችን ላይ በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት መጥቶ «10 ሺህ ተከታይ ላስገባልሽ» አላት፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ስልኩን ተቀብላ እሱ «ከሠራላቸው» ቻናሎች አንዱን ከፈተች። የተከታዩ ቁጥር ትልቅ ነው። ከእያንዳንዱ ፖስት ሥር ካለችው የዓይን ምልክት አጠገብ ያለው ቁጥር ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። «እነዚህ ሁሉ ሰዎች ዓይን የላቸውም?» ብላ ስልኩን መለሰችለት። ገዢም እንዲሁ እንደሚያይ አትዘንጉ። ትንሽ ተከታይ ያለው፣ የሚለጥፈውን ግን ተከታዩ ሁሉ የሚያይለት ቻናል ከዚያ ይልቅ ያስከብራል።

ከውጭ ትዕዛዝ ሲመጣ ደግሞ የልኩ ጣጣ ተነሳ። ከአሜሪካ የምትጽፈው በኢንች ትጽፋለች፣ ልብስ ሰፊው በሴንቲ ሜትር ይቆርጣል፤ አንዱ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ያላሰበ ሰው ቀሚስ ያበላሻል። ልጅቷ እናቷን አቁማ ሜትሩን የት የት እንደሚያዞሩት በቪዲዮ አሳየች፦ ደረት ከብብት ሥር፣ ወገብ ከእምብርት ከፍ ብሎ፣ ቁመት ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ጫማ ተደርጎ። ያቺ ቪዲዮ እንደ ቲክቶኩ ብዙ ሰው አላያትም። ቀሚስ ሰፍታ ያልተመለሰባት ግን በእሷ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የምትበልጥብኝ እሷ ናት።

አባትየውስ? እሳቸው ከመጀመሪያው አንድ ነገር ፈርተው ነበር። «ጥለቱን ካሳየሽ ይወስዱታል» ብለዋት ነበር። የፈሩት ደረሰ። አንድ ክረምት ሙሉ አስበው የሠሩት ጥለት በቀጣዩ በዓል ታትሞ፣ በማሽን ጨርቅ ላይ፣ በትንሽ ዋጋ ሲሸጥ አዩት። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ጨርቁን ገልብጠው ጀርባውን አዩና አስቀመጡት። ለሦስት ቀን ግን ሥራ አልገቡም። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ የሸማኔ ሀብቱ የሚያስበው ጥለት ነው፣ የሚጠብቅለትም የለም። ልጅቷ የቻለችውን አደረገች። አዲስ ጥለት ሲሠራ እጁን እንጂ ሙሉውን ንድፍ አታሳይም፤ ሙሉውን የምትለጥፈው ሙሽራዋ ለብሳ ሠርጉ ካለፈ በኋላ፣ እሷም ከፈቀደች ነው። በየቀሚሱም ሥር የሸማኔውን ስም መጻፍ ጀመረች። ዋናውን ፈልጎ የሚመጣ ሰው መኖሩን ያየችው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ደብተሩን አምጡልኝ።

2015፣ የካቲት 2። በቤተ ክርስቲያን በተፈጠረው ችግር አገር ተጨንቆ ሳለ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ ተገደቡ። ሰው ለጥቂት ቀን መስሎት ነበር። ገደቡ የተነሳው ሐምሌ ላይ ነው፤ አምስት ወር! በመካከሉ ምን እንዳለ የሸማኔ ቤት ያውቀዋል፦ ሚያዝያ 8 የዋለው ፋሲካ፣ ከእሱም በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት በሙሉ። ቪፒኤን ያለው በቪፒኤን ገባ፤ ያም ቢሆን ቪዲዮ አልከፍት እያለ ብዙ ሰው ተወው። በስልክ ብቻ ይነግዱ የነበሩ፣ ሱቅ የሌላቸው ልጆች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የእነሱን ነገር ሳስብ አሁንም ያመኛል፤ ሥራቸውን አሳምረው የሠሩ፣ ምንም ያላጠፉ ልጆች ነበሩ።

ልጅቷ ደብተሯን ገለጠች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ደወለች። «እንደምን አሉ? የሽሮ ሜዳዋ ነኝ። ለልጅዎ ሠርግ ሚያዝያ መጨረሻ ብለውኝ ነበር፣ ቀኑ እንዳለ ነው?» ልኩ አለ፣ ቀኑ አለ፣ የወደዱት ቀለም አለ። አንዳንዶቹ «እንዴት አስታወስሽኝ?» አሉ። አንዳንዶቹ የእህታቸውን ቁጥር ሰጧት። በውጭ ያሉት ዘንድ ገደብ ስላልነበረ አንዷን የቆየች ደንበኛ ለመነቻት፤ እሷም ፎቶዎቹን በራሷ ገጽ ለጠፈችላት። ገበያው እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ቤቱ ግን አልተዘጋም። ወንድሟ በደብተር መሳቅ ተወ፤ አሁን እሱ ራሱ ነው የሚጽፍበት።

በ2016 ሐምሌ 22 የምንዛሪው ለውጥ ሲመጣ ሌላ ፈተና ነበር። ከውጭ የሚመጣው ክር ዋጋው ወጣ። ብዙ ሻጭ ዋጋውን ከቻናሉ አጥፍቶ ወደ «ውስጥ መስመር» ተመለሰ። እሷ ግን ዋጋውን ሳታጠፋ ቀን ጨመረችበት፦ «ይህ ዋጋ እስከዚህ ቀን ላዘዘ»። ቀብድ ከፍሎ ለነበረ ሰው አንድ ብር አልጨመረችም። ኪሳራ ነበረው፣ አልደብቃችሁም። እናትየው ናቸው ያጸኑት፤ «ቃል ከተባለ ቃል ነው» ብለው።

ዛሬ ደግሞ ችግራቸው ሌላ ነው። የአባትየው እጅ አንድ ነው፣ ትዕዛዙ ብዙ። ዘንድሮ ጥር ከመድረሱ በፊት ቻናሉ ላይ «የጥር ሞልቷል» ብላ ጻፈች። የሚያጣድፋት ብዙ ነበር፣ ገንዘብ እጥፍ የሚል ነበር። አልተቀበለችም። ይልቅ ያንኑ ቪዲዮ፣ ጠርዝ ማሸቱን፣ ጀርባ ማሳየቱን፣ ለሦስት የጎረቤት ሸማኔዎች ሠራችላቸው፤ የተቀየሙት ጎረቤቶች መሆናቸው ነው። የእነሱም ስም ከየቀሚሳቸው ሥር ተጽፏል፣ ሥራውም በየስማቸው ይታዘዛል።

ባለፈው ሳምንት ከሲያትል አንዲት ሴት ጻፈች። የምትፈልገው ሌላ ሸማኔ አይደለም፣ በቪዲዮ ያየችውን እጅ ነው፤ እስኪደርስ እጠብቃለሁ አለች። ልጅቷ ስልኩን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

«አባዬ፣ ይቺ ሴት የአንተን ካልሆነ አልፈልግም ትላለች። ምን ልበላት?»

ሽማግሌው ሥራቸውን ሳያቆሙ ድሩን አዩ፣ ትንሽ አሰቡ። «ለመስከረም ይደርሳል በያት» አሉ። «ልኳን ግን አሁኑኑ ጻፊው።»